ያውቁ ኖሯል? መሮጥ የማያሸልምበት የፈረስ ሜዳ

ጉግስ ያየ ሰው ጎበዝ ፈረሰኛ የሚለው ሽምጥ ጋልቦ፣ ዘንግ ወርውሮ፣ የተወረወረበትንም መክቶ የሚያመልጠውን ነው። ድሬሳዥ የተባለው የፈረስ ስፖርት መለኪያ ከዚህ ይለያል። እዚህ አባራሪም ተባራሪም የለም፤ የሚዘለል እንቅፋትም የለም፤ ቀድሞ የጨረሰም አይሸለምም። የሚመዘነው ፈረሱ ምን ያህል እንደተገራና ጋላቢው ትእዛዙን ምን ያህል ሳያስነቃ እንደሚያደርስ ነው። በዚህ ዓምድ ስለ ስፖርቱና ስለ ሜዳው አጠር አጠር ያሉ እውነታዎችን ይዘናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜዳው

• የዓለም አቀፍ ውድድር የድሬሳዥ ሜዳ 60 ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ስፋት እንዳለው ያውቁ ኖሯል? የቆዳ ስፋቱ 1,200 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። አንድ ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ ስድስት ያህሉን ይይዛል። ለጀማሪዎች ደግሞ 40 በ20 ሜትር የሆነ አነስተኛ ሜዳ አለ።

• የሜዳው አጥር ቁመት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፈረሱ ሳይዘል ሊሻገረው ይችላል። ግን አራቱም እግሮቹ ከአጥሩ ውጪ ካረፉ ጋላቢውና ፈረሱ ከውድድሩ ይሰናበታሉ።

• በትልቁ ሜዳ ዙሪያ 12 ፊደላት ይተከላሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ከፊደል ገበታ ጋር አይገናኝም። ከመግቢያው ተነስቶ በሰዓት አቅጣጫ ለሚዞር ሰው ኤ፣ ኬ፣ ቪ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤች፣ ሲ፣ ኤም፣ አር፣ ቢ፣ ፒ፣ ኤፍ እያሉ ይሄዳሉ። ጋላቢው «ኤች ላይ ግልቢያ ጀምር፣ ኬ ላይ ወደ ሶምሶማ መልስ» የሚል ዓይነት መመሪያ ስላለው ፊደላቱን እንደ ስሙ ማወቅ አለበት።

• በረጅሙ ጎን ያሉት ፊደላት ርቀት የተለካ ነው። የመጀመሪያው ከማዕዘኑ 6 ሜትር ይርቃል፤ ከዚያ በኋላ በየ12 ሜትሩ አንድ ፊደል አለ፤ የመጨረሻው ከሌላኛው ማዕዘን 6 ሜትር ላይ ይቆማል። በትንሹ ሜዳ በፊደል እና በፊደል መካከል ያለው ርቀት 14 ሜትር ነው።

• ምልክት የሌላቸው ፊደላትም አሉ። የሜዳውን መሐል ለመሐል የሚከፍለው መስመር ላይ ዲ፣ ኤል፣ ኤክስ፣ አይ እና ጂ የሚባሉ ነጥቦች ቢኖሩም መሬቱ ላይ ምንም አልተጻፈም። ጋላቢው የሚያገኛቸው በግራና በቀኝ ያሉትን ፊደላት በዓይኑ አገናኝቶ ነው። ኤክስ የሜዳው እምብርት ነው።

• ፊደላቱ ለምን እነዚህ እንደሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በብዛት የሚተረከው መነሻቸውን ከጀርመን ቤተ መንግሥት ጋጣ ጋር ያያይዛል፤ ኬ የካይዘሩ ፈረስ የሚቆምበት ቦታ ምልክት ነበረ ይባላል። የሚያረጋግጥ ሰነድ ግን አልቀረበም።

• የሜዳው መሬት ተራ አሸዋ አይደለም። በትልልቅ ውድድሮች ደቃቅ አሸዋ ከጨርቅ ክሮች ጋር ተቀላቅሎ ይነጠፋል፤ ውሃ ይጠጣል፤ በየመሐሉም በማሽን ይስተካከላል። በጣም ከላላ የፈረሱን ጅማት ያደክማል፤ በጣም ከጠጠረ ደግሞ መገጣጠሚያውን ይጎዳል።

• በብዙ የቤት ውስጥ መለማመጃዎች ግድግዳ ላይ ትልልቅ መስታወቶች ይሰቀላሉ። ጋላቢው ከኮርቻው ሳይወርድ የፈረሱን አካሄድና የራሱን አቀማመጥ ያይባቸዋል።

ዳኞቹና ነጥቡ

• ጋላቢው በኤ ገብቶ ወደ መሐል ይሄድና ቆሞ ለዳኞች ሰላምታ ይሰጣል። ሲጨርስም እንዲሁ ሰላምታ ሰጥቶ ይወጣል። ልማዱ ስፖርቱ ከወታደር ቤት ይዞት የመጣው ነው።

• ዋናው ዳኛ ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ ሲ ላይ ይቀመጣል። በለንደን ኦሊምፒክ 2012 የዳኞቹ ቁጥር ወደ ሰባት ከፍ ብሏል፤ በኬ፣ በኢ፣ በኤች፣ በሲ፣ በኤም፣ በቢ እና በኤፍ ሆነው ሜዳውን ይከብቡታል። አንዱ የሚያየው ለሌላው አይታየውም። ፈረሱ ሲቆም ቀጥ ማለቱን በደንብ የሚያየው ሲ ላይ ያለው ነው፤ የኋላ እግሩ ወደ ኋላ መቅረቱን የሚያየው ደግሞ በጎን ያለው ነው። ለአንድ እንቅስቃሴ የተለያየ ነጥብ የሚሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

• እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ይመዘናል፤ ግማሽ ነጥብም ይፈቀዳል። 10 እጅግ ግሩም ማለት ነው፤ 0 ደግሞ የታዘዘው ጨርሶ አልተሠራም ማለት ነው። እንደ ፒሩዬት (ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ዙሪያ የሚዞርበት) ያሉ ከባድ እንቅስቃሴዎች ነጥባቸው በሁለት ይባዛል። ድምሩ በመቶኛ ስለሚሰላ 70 በመቶ ያገኘ ጋላቢ በአማካይ ከ10 ሰባት ተሰጥቶታል።

• ዳኛው ነጥቡን ራሱ አይጽፍም። አጠገቡ ጸሐፊ ይቀመጣል፤ ዳኛው ዓይኑን ከፈረሱ ሳይነቅል ነጥቡንና አስተያየቱን በቃል ይነግረዋል። ጋላቢው በኋላ ወረቀቱን ተቀብሎ የት እንደጎደለ ያነባል።

• በውድድር መካከል ፈረሱን ማናገር ያስቀጣል። «ጎበዝ» ማለትም ሆነ ምላስ ማጮህ ነጥብ ያስቀንሳል። ዓለም አቀፍ ተወዳዳሪ ሙሉውን ቅደም ተከተል በቃሉ ይዞ መግባት አለበት፤ በአንዳንድ አገሮች ዝቅተኛ ደረጃዎች ላይ ግን ከዳር ሆኖ የሚያነብ ሰው ይፈቀዳል።

አካሄዱ

• ሦስቱን አካሄዶች በጆሮ ብቻ መለየት ይቻላል። በርምጃ ጊዜ አራት የኮቴ ድምፅ ይሰማል። በሶምሶማ ጊዜ እግሮቹ በአግድሞሽ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚያርፉ ሁለት ነው። በግልቢያ ጊዜ ደግሞ ሦስት ድምፅና ከዚያ ፈረሱ አየር ላይ የሚሆንበት አጭር ጸጥታ አለ።

• ፒያፍ የሚባለው እንቅስቃሴ ቦታ ሳይለቁ ሶምሶማ ነው። በግራንድ ፕሪ፣ ማለትም በከፍተኛው ደረጃ፣ ፈረሱ ከ12 እስከ 15 የሚደርስ እርምጃ በቆመበት እንዲረግጥ ይጠየቃል። ፓሳዥ ደግሞ እግሩን ከፍ አድርጎ ጥቂት እያቆየ ወደ ፊት የሚሄድበት፣ የተንሳፈፈ የሚመስል ሶምሶማ ነው።

• ፈረስ ሲጋልብ አንደኛው የፊት እግሩ ይመራል። የተገራ ፈረስ መሪ እግሩን አየር ላይ ሳለ ይለውጣል። በግራንድ ፕሪ በየሁለት እርምጃው 9 ጊዜ፣ ከዚያም በየእርምጃው 15 ጊዜ በተከታታይ መለወጥ አለበት። ከሩቅ ሲታይ ልጅ እግሩን እያፈራረቀ የሚዘል ይመስላል። ጋላቢው አንድ ቁጥር ከሳተ ነጥቡ ወዲያው ይወርዳል።

• በፒሩዬት ፈረሱ እየጋለበ በኋላ እግሮቹ ዙሪያ ሙሉ ክብ ይዞራል። ክቡ ከ6 እስከ 8 በሚደርስ እርምጃ መጠናቀቅ አለበት። 600 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን እንስሳ ክብደቱን በአብዛኛው በኋላ እግሮቹ ተሸክሞ የሚያደርገው ነው።

• የጀርመን ፈረስ ገሪዎች ሥልጠናውን በስድስት ደረጃ ይከፍሉታል። መጀመሪያ የረገጣ ምት፣ ቀጥሎ ሰውነትን ማላላት፣ ከጋላቢው እጅ ጋር የሰከነ ግንኙነት፣ ከኋላ እግር የሚመነጭ ግፊት፣ ቀጥ ማለት፣ በመጨረሻም ክብደትን ወደ ኋላ ሰብስቦ ከፊት መቅለል ይመጣሉ። አንዱን የዘለለ ኋላ ተመልሶ ይጀምራል።

• ስምንት ዓመት ያልሞላው ፈረስ በዓለም አቀፍ ግራንድ ፕሪ መወዳደር አይፈቀድለትም። አጥንቱና ጡንቻው እስኪጸና፣ ትምህርቱም እስኪሰርጽ ዓመታት ይወስዳል።

• ፈረስ የሰውን ጥቃቅን እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደሚያነብ በሳይንስ የተረጋገጠው በበርሊን ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሃንስ የተባለ ፈረስ የሒሳብ ጥያቄ በኮቴው እየቆጠረ ይመልሳል ተብሎ ዓለም ጉድ አለ። በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ምሥጢሩን ደረሰበት። ሃንስ ሒሳብ አያውቅም፤ ቁጥሩ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው አንገቱን ነቅነቅ ሲያደርግ እያየ ያቆም ነበር። ድሬሳዥ የሚሠራው በዚሁ ችሎታ ነው። ጋላቢው የሚናገረው በመቀመጫው ክብደት፣ በባቱ ጫና እና በዛቡ ነው፤ ተመልካቹ ሳያይ ፈረሱ ይሰማዋል።

ታሪኩ

• ፈረስን ስለመግራት ከተጻፉት ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ የግሪካዊው የጦር ሰው የዜኖፎን ሥራ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ተጽፏል። ፈረስ ተገድዶ የሚያደርገው ነገር ውበት እንደሌለው ያኔውኑ አስተምሯል።

• በ1550 ናፖሊ ውስጥ ፌዴሪኮ ግሪሶኔ ያሳተመው የግልቢያ መጽሐፍ በአውሮፓ ቢናኝም ዘዴው ጨካኝ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 13ኛ የግልቢያ መምህር አንትዋን ደ ፕሉቪኔል ወደ ርኅራኄ አዘነበለ። በ18ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ፍራንሷ ሮቢሾን ደ ላ ገሪኒየር የፈረሱን ትከሻ ወደ ውስጥ አጥፎ የማስኬድ ልምምድን አጠናቅሮ ጻፈ። ዛሬ ድሬሳዥ የሚማር ፈረስ ሁሉ ይህን ልምምድ ያልፍበታል።

• ቪየና የሚገኘው የስፔን ግልቢያ ትምህርት ቤት በኦስትሪያ ሆኖ ሳለ ስሙን ያገኘው ፈረሶቹ የስፔን ዝርያ ስለነበሩ ነው። ከ1729 እስከ 1735 የተሠራው አዳራሹ 55 ሜትር ርዝመትና 18 ሜትር ስፋት አለው። ጋላቢዎቹ ሲገቡ አዳራሹን ላሠሩት ለአፄ ካርል 6ኛ ሥዕል ኮፍያቸውን አንስተው እጅ ይነሳሉ።

• የዚያ ትምህርት ቤት አምባላይ ፈረሶች፣ ሊፒዛነሮቹ፣ ሲወለዱ ነጭ አይደሉም። ውርንጭላው ጠቆር ያለ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወለድና ከዓመታት በኋላ ይነጣል። ዝርያው በ1580 በዛሬዋ ስሎቬኒያ፣ ሊፒጻ ከተቋቋመው የፈረስ ማርቢያ ይጀምራል።

• በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የሊፒዛነር ባዝራዎች ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ሆስታው በተባለ ሥፍራ ነበሩ፤ የአሜሪካ ወታደሮች በሚያዝያ 1945 ደርሰው አወጧቸው። በቀጣዩ ወር የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አሎይስ ፖድሃይስኪ ድንጉላዎቹን ይዞ በጄኔራል ጆርጅ ፓተን ፊት ትርኢት አሳየና ጥበቃ ጠየቀ። ሁለቱም የኦሊምፒክ ሰዎች ነበሩ። ፓተን በ1912 በዘመናዊ ፔንታትሎን ተወዳድሯል፤ ፖድሃይስኪ በ1936 በድሬሳዥ ነሐስ አግኝቷል።

• የቪየናው ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎችን መቀበል የጀመረው በ2008 ነው። የግልቢያ ጥበቡን ዩኔስኮ በ2015 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ኦሊምፒክ

• ድሬሳዥ ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1912 ስቶክሆልም ላይ ሲሆን ሦስቱንም ሜዳሊያ ስዊድናውያን ወሰዱ። ተወዳዳሪዎቹ የጦር መኮንኖች ስለነበሩ ፈተናው ትናንሽ እንቅፋቶችን መዝለልንም ይጨምር ነበር።

• በማዕረግ የተነጠቀ ወርቅም አለ። በ1948 በለንደን የስዊድን ቡድን አሸነፈ። በኋላ ግን ከሦስቱ አንዱ ጌናል ፐርሾን በእርግጥ የበታች ሹም እንደነበረ፣ ለውድድሩ ብቻ መኮንን ተደርጎ ወዲያው ማዕረጉ እንደተገፈፈ ታወቀ። የበታች ሹም መወዳደር ስለማይፈቀድለት ወርቁ በ1949 ተወስዶ ለፈረንሳይ ተሰጠ። ደንቡ ከተቀየረ በኋላ እነዚያው ሦስት ስዊድናውያን በ1952ም በ1956ም አብረው ወርቅ አገኙ።

• ሲቪሎችና ሴቶች በድሬሳዥ እንዲወዳደሩ የተፈቀደው በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ነው። በዚያው ውድድር ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል ብር አገኘች። በፖሊዮ ምክንያት ከጉልበቷ በታች ሽባ ስለነበረች ፈረስ ላይ የምትወጣውም የምትወርደውም በሰው እርዳታ ነበር። በ1956ም ብሩን ደገመችው።

• የ1956 ኦሊምፒክ የሜልበርን ቢሆንም የፈረስ ውድድሩ ስቶክሆልም ተካሄደ፤ የአውስትራሊያ የእንስሳት ኳራንቲን ሕግ አላስገባ ብሎ ነው። በ2008 ደግሞ ቤጂንግ አዘጋጅታ ፈረሶቹ ሆንግ ኮንግ ተወዳደሩ።

• በ1972 ሙኒክ ላይ ጀርመናዊቷ ሊዘሎት ሊንሰንሆፍ በግል ድሬሳዥ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ዛሬ ወንድና ሴት ያለ ልዩነት ፊት ለፊት ይወዳደራሉ፤ በቶኪዮም በፓሪስም የግሉን ሦስት ሜዳሊያዎች የወሰዱት ሴቶች ናቸው። የሁለቱንም ወርቅ ያገኘችው የስካ ፎን ብሬዶቭ ቨርንድል ከፈረሷ ከዳሌራ ጋር ነው።

• ጀርመናዊቷ ኢዛቤል ቬርት ከ1992 ባርሴሎና እስከ 2024 ፓሪስ 8 ወርቅና 6 ብር ሰብስባለች። በፈረስ ስፖርት ታሪክ ይህን ያህል የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘ ሌላ ሰው የለም።

• ጃፓናዊው ሂሮሺ ሆኬቱሱ በ1964 ቶኪዮ በፈረስ ዝላይ ተወዳደረ። በ2012 ለንደን በድሬሳዥ ሲወዳደር ዕድሜው 71 ነበር።

• ሙዚቃ ወደ ኦሊምፒክ ድሬሳዥ የገባው በ1996 አትላንታ ላይ ነው። ጋላቢው የእንቅስቃሴዎቹን ቅደም ተከተል ራሱ አቀናብሮ ለፈረሱ ረገጣ የሚስማማ ዜማ ይመርጣል፤ ዳኞቹም ከቴክኒኩ ሌላ ለጥበቡ ነጥብ ይሰጣሉ።

• በ2009 የኔዘርላንዱ ኤድዋርድ ጋል ቶቲላስ በተባለ ጉራች ድንጉላ ላይ ሆኖ በሙዚቃው ዙር ከ90 በመቶ በላይ በማግኘት ቀዳሚ ሆነ። በታኅሣሥ 2014 እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ዱጃርዲን ከቫሌግሮ ጋር ክብረ ወሰኑን 94.3 በመቶ አደረሰችው።

• በፓራሊምፒክ የፈረስ ውድድር የሚባለው ድሬሳዥ ብቻ ነው። ተወዳዳሪዎቹ እንደ ጉዳታቸው መጠን በአምስት ደረጃ ይመደባሉ። ዓይነ ስውር ጋላቢ ሲወዳደር በየፊደሉ የቆሙ ረዳቶች ፊደሉን እየጠሩ በድምፅ ይመሩታል። እንግሊዛዊው ሊ ፒርሰን 14 የፓራሊምፒክ ወርቅ አለው።

ልብሱና አያያዙ

• የፈረሱ ጋማ ሹሩባ የሚሠራው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ዳኛው የአንገቱን አጣጣፍ በግልጽ እንዲያይ ነው።

• ለዘመናት የስፖርቱ መለያ የነበረው ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ከ2021 ወዲህ በዓለም አቀፍ ውድድር ቀርቷል። አሜሪካዊቷ ኦሊምፒያን ኮርትኒ ኪንግ ዳይ በ2010 ያለ ቆብ ስትለማመድ ወድቃ ራሷን ክፉኛ ከተጎዳች በኋላ የመከላከያ ቆብ ጥያቄ በረታ፤ አሁን ግዴታ ነው።

• የፈረሱን አንገት በኃይል ወደ ደረቱ አጥፎ ማሠልጠንን ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በ2010 ተቀባይነት የለውም ብሏል። በ2024 ደግሞ ዱጃርዲን በሥልጠና ላይ ፈረስ ስትገርፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ከፓሪስ ኦሊምፒክ ራሷን አገለለች፤ ፌዴሬሽኑም ለአንድ ዓመት አገዳት። ክብረ ወሰን ከቅጣት አላዳናትም።

• በአፍ ወይም በጎን ላይ ደም የታየበት ፈረስ በውድድር አይቀጥልም።

ድሬሳዥ የሰነፍ ተመልካች ስፖርት አይደለም፤ አንዴ ዓይን ከለመደው ግን ይይዛል። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ሲተላለፍ ፈረሱን ብቻ ሳይሆን ጋላቢውን ይዩት። እጁ ከተረጋጋ፣ እግሩ ካልተወራጨ፣ ፈረሱ ጭራውን በንዴት ካልወነጨፈና ኮቴው ምቱን ካልሳተ፣ ነጥቡ እስኪነገር አይጠብቁ፤ ከ75 በመቶ በላይ ብለው ይገምቱ።